የአዝማሪ ዘፈንና የዐቃቤ ሰዓት ውግዘት

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፥ ከተራራው ግርጌ፥ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥታቸው ፍራሽ ይገኛል። ስሙ የተወሰደው እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታ ካረፈችበት ከግብፁ የቁስቋም ተራራ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን በዓሉ ሲከበር የስደቱ ነገር ይታሰባል። እቴጌይቱ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከዐፄ ኢያሱ ጋራ ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ብዙ ዘመን ሲመሩ፥ ከፋሲል ግንብ ራቅ ብለው መኖርን ወድደው ይህን ስፍራ አቀኑት። ዐፅማቸውም ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከዐፄ ኢዮአስ ዐፅም ጋራ በዚያው ይጠበቃል።

በ1762 ዓ.ም. በየካቲት ወር ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። በሀገሩ ሰዎች አፍ ያዕቆብ ይባል ነበር። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ወደ ቁስቋም ግቢ ገብቶ የእቴጌይቱን የልጅ ልጆች ይዞ ነበርና፥ ሕክምና ያውቃል ተብሎ ወደዚያ ተጠራ፤ ሕፃናቱንም ስላስታመመ በቤተ መንግሥት ዘንድ ባለሟል ሆነ። እስከ ታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ድረስ በጎንደር ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይዞ ወደ ሀገሩ ተመልሶ፥ በ1782 ዓ.ም. በኤዲንብራ ከተማ በአምስት ክፍል አሳተመው። የገዛ ሀገሩ ሰዎች ብዙዎቹ ዋሸ ብለው ዘበቱበት፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ መንገደኞች ግን አብዛኛውን ነገር እውነት ሆኖ አገኙት። መጽሐፉን የጻፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ ቍጥሩን ሁሉ እንደ ሰፈረ እህል አድርጎ መቀበል አይገባም፤ ነገር ግን የእነዚያን ዓመታት ጎንደር እንደ እርሱ አስፍቶ የጻፈ ሌላ የውጭ ሰው የለም።

ከጻፈው መካከል በታኅሣሥ 1763 ዓ.ም. በጥቂት ቀኖች ውስጥ የተደረገው ነገር ተለይቶ ሊመረመር ይገባዋል። የሰው ቃል እስከ ምን ድረስ ነጻ ነው? ወሰኑንስ የሚያቆመው ማን ነው? ይህን ዛሬ በዓለም ሸንጎ የሚከራከሩበትን ጥያቄ የጎንደር ሜዳና የጎንደር አደባባይ ያን ጊዜ በደም መልሰውት ነበርና።

የዘመኑ ነገር እንዲህ ነበረ። የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል በእርጅናቸው ዘመን ወደ ጎንደር መጥተው የመንግሥቱን ሥልጣን ጨበጡ። በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ ተገደሉ፤ ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ሽማግሌው ዐፄ ዮሐንስም በጥቂት ወራት ውስጥ በመርዝ ሞቱ ተባለ፤ ልጃቸው ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ነገሡ። ራስ ሚካኤል የእቴጌ ምንትዋብን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡ ቢሆኑም፥ የልጅ ልጃቸውን ደም ያዩት እቴጌ ልባቸው ከአማቻቸው ጋራ አልነበረም። በ1762 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ራስ ሚካኤል ንጉሡን ይዘው ወደ ትግሬ በተመለሱ ጊዜ፥ ጠላቶቻቸው ጎንደርን ይዘው ሱስንዮስ የሚባል ሌላ ንጉሥ አነገሡ። ያን ጊዜም ዐፄ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ሚካኤል በአደባባይ ተወገዙ። ከውግዘቱ ዋና ሰዎች አንዱ ዐቃቤ ሰዓቱ አባ ሰላማ ነበሩ።

በዚያው የውግዘት ቀን የጎንደር አዝማሪዎች ከሕዝቡ ጋራ ወጡ። አዝማሪ በሰርግና በድል ቀን በየደጁ እየዞረ በዘፈን የሚያወድስ፥ በዘፈን የሚያዋርድ፥ በዚህም የሚያድር ሰው ነው። ራስ ሚካኤል ከዘመቻ ሲመለሱ እነዚሁ አዝማሪዎች ብዙ ጊዜ ተቀብለዋቸው ከእጃቸው ሽልማት ወስደዋል። የውግዘቱ ቀን ግን ዜማውን ገለበጡት። ሽማግሌ፥ አንካሳ፥ ጐባጣ፥ ወንድነት የከዳው እያሉ ገላቸውን መዘበቻ አደረጉት፤ በሌላም ቀን ደጋግመው ዘፈኑት። ራስ ሚካኤል እግራቸው ሰንካላ እንደ ነበረ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አዝማሪው የነገረው አዲስ ነገር አልነበረም። ብሩስ እንደሚለው ግን ከሌላው ስድብ ሁሉ ይልቅ ልባቸውን ያቈሰለው ይህ በአካላቸው መዘበቱ ነው። የሽሬ ፈረሰኞችም አልቀሩላቸውም፤ ከጥቂት ወራት በፊት በሊምጁር ጦርነት ሸሽተው ኖሮ፥ ራስ ሚካኤል ተቈጥተው እንዲህ ያለ ፈረስ ለወፍጮ ይሁን ብለው ነበርና፥ አዝማሪዎቹ ይህን ዘፈን አድርገው በከተማው አዞሩት።

በሀገራችን ልማድ መኳንንት እረኛ ምን አለ ብለው ይጠይቁ ነበር። ምክንያቱም ፊት ለፊት የሚነገር እውነት ጥቂት ስለ ሆነ፥ የሕዝቡ ልብ የሚታወቀው በእረኛና በአዝማሪ አፍ ነበረ። ብልኅ ገዥ ሰምቶ ይስቃል፤ ወይም ሰምቶ ዝም ይላል፤ ወይም ሰምቶ ያርማል። ይህ ግን ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረም። ልማድ ደግሞ የሚጸናው ገዥው እስከ ወደደ ድረስ ብቻ ነው፤ የአዝማሪው ዕድልም በዚህ ልዩነት ላይ ተንጠልጥሎ ነበረ።

በታኅሣሥ ወር ራስ ሚካኤል ብዙ ጦር ይዘው ወደ ጎንደር ተመለሱ። ሱስንዮስ ሸሸ። ከተማው ደነገጠ፤ አዝማሪዎቹም እንደ ቀድሞው ሊቀበሉ ወጡ። ወንዶችና ሴቶች፥ ቍጥራቸው ሠላሳ ወይም ከዚያ በላይ፥ አሁን ደግሞ የድል ዘፈን ይዘው ነበር። ንጉሡና ራስ ሚካኤል ከግንቡ በታች ጭፍራ ወደሚሰለፍበት፥ ብሩስ አይሎ ሜዳ ብሎ ወደ ጻፈው ሜዳ ዘወር ሲሉ፥ ሁለት መቶ የሚያህሉ የሽሬ ፈረሰኞች በስተኋላ ይከተሉ ነበር። ራሱ ምልክት ሰጡ። ፈረሰኞቹም ድንገት ተመልሰው በዘፋኞቹ ላይ ወደቁባቸው፤ ለማየት እንኳ ጊዜ ሳይኖር ሁሉም ተቈራርጠው በሜዳው ላይ ተዘረሩ። አንድ ወጣት ብቻ ክፉኛ ቈስሎ እየተንገዳገደ ከንጉሡ ፈረስ አጠገብ፥ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ደረሰ፤ አንድ ቃልም ሳይናገር ወድቆ ሞተ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ክስ የለም፤ ዳኛ የለም፤ ምስክር የለም፤ የተጠቀሰ አንቀጽም የለም። የቅጣቱ ምልክት የመጣው ከተሰደበው ሰው እጅ ነው፤ ሰይፉን የመዘዙትም በዚያው ዘፈን የተዋረዱት የሽሬ ሰዎች ናቸው። ከሳሽ፥ ፈራጅና ቀጪ አንድ ሆኑ። ይህም የሆነው ሕግ በሌለበት ሀገር አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በጎንደር ሊቃውንት እጅ ነበረ፤ በ51 አንቀጽ ተከፍሎ የመንፈሳዊውንና የሥጋዊውን ፍርድ የሚናገር፥ 44ኛውም አንቀጽ ስለ ነገሥታት የሆነ መጽሐፍ ነው። ኦሪት ዘጸአትም በ22ኛው ምዕራፍ የሕዝብን አለቃ መርገምን ትከለክላለች። እንግዲህ ራስ ሚካኤል አዝማሪዎቹን ከዳኛ ፊት ለማቆም ቢፈልጉ የሚጠቅሱት አያጡም ነበር። ያልፈለጉት ግን ይህን ነው።

የዐቃቤ ሰዓት አባ ሰላማ ነገር ከዚህ የተለየ ነበረ። እርሳቸው ተይዘው ከሸንጎ ፊት ቀረቡ። ንጉሡ በመጋረጃ ውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር፤ መኳንንቱ እንደ ሥርዓቱ ተቀመጡ፤ ከሳሹ የክሱን ዝርዝር አሰማ። ከክሶቹም መካከል ንጉሡን ማውገዛቸውና ሕዝቡን ከመሐላው ለመፍታት መድፈራቸው ነበረበት። አባ ሰላማ አልፈሩም፤ በታላቅ ድምፅ ተከራከሩ። ዳኞቹ እንደ ልማዱ ከታናሹ ጀምረው ፈረዱ፤ በመጨረሻ የንጉሡ ቃል በቃለ ሐፄው አፍ ወጣ፤ ፍርዱም ሞት ሆነ። በዚያው ቀን ከንጉሡ ደጅ ፊት ባለው ዛፍ ላይ፥ ከንጉሥ ፊት ይቀመጡበት የነበረውን የክብር ልብስ እንደ ለበሱ ተሰቀሉ። ሊሞቱ ሲሉ አራት መቶ ላም እንዳላቸው ተናግረው ለነፍሳቸው ይጸልዩ ዘንድ ለካህናት ተናዘዙ። ራስ ሚካኤል ግን ላሞቹን አስነድተው ለወታደሮቻቸው አካፈሏቸው።

ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድነት የራስ ሚካኤል ጭካኔ ብሎ ያልፋቸዋል። ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። አዝማሪው የተናገረው ስለ አንድ ሽማግሌ እግር ነው። ዐቃቤ ሰዓቱ የተናገሩት ግን መሐላን ስለ መፍታት ነው። በዚያ ዘመን የንጉሥ ኀይል የቆመው በመሐላ ላይ ነበርና፥ በሁለት ንጉሥ በተከፈለ ሀገር፥ ጦር ተሰልፎ ሳለ፥ ከቤተ ክህነት ከፍተኛ ወንበር የወጣ ውግዘት ሰውን ለጦር ያስነሣል። ዘፈኑ ራስ ሚካኤልን አሳፈራቸው፤ ውግዘቱ ግን መንግሥታቸውን ነካ። ሆኖም ያለ ፍርድ የታረዱት ቀላሉን ቃል የተናገሩት ድኾች ናቸው። የቃሉ ክብደት ሳይሆን የተናጋሪው ክብር ነው ሸንጎ ያስገኘው።

የካህናት ቃል በጎንደር ደም ሲያስከትል ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1713 ዓ.ም. አካባቢ በዐፄ ዳዊት ዘመን በሃይማኖት ክርክር ንጉሡ ለቅባት ወገን ፈርደው፥ ያን ፍርድ ያልተቀበሉት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጭፍራ ተገድለዋል። እዚያም ንጉሡ ራሳቸው የክርክሩ ወገን ነበሩ።

ከአይሎ ሜዳ በኋላ 178 ዓመት አልፎ፥ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በፓሪስ ተሰብስቦ ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አጸደቀ። 48 መንግሥታት ደገፉ፤ 8 ድምፃቸውን አቀቡ፤ የተቃወመ አልነበረም። ከአፍሪካ ግብፅ፥ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደጋፊዎች ሲሆኑ፥ ደቡብ አፍሪካ ካቀቡት አንዱ ነበር። የመግለጫው 19ኛ አንቀጽ ሰው ሁሉ ሐሳቡን የመያዝና የመግለጽ መብት አለው ይላል፤ 29ኛው ደግሞ ይህ መብት የሌላውን ሰው መብትና የሕዝቡን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ሊወሰን እንደሚችል ይናገራል። መግለጫው ግን ማሰሪያ አልነበረውም። ማሰሪያ ያለው ቃል ኪዳን በ1959 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በ1968 ዓ.ም. መሥራት ጀመረ፤ ኢትዮጵያም በሰኔ 1985 ዓ.ም. ገባችበት።

የዚህ ቃል ኪዳን 19ኛ አንቀጽ ቃልን የሚከለክል መንግሥት ሦስት ደጆችን እንዲያልፍ ያስገድደዋል። ፊተኛው፥ ክልከላው አስቀድሞ በግልጽ ሕግ የተጻፈ ይሁን ይላል፤ የሚናገር ሰው ከመናገሩ በፊት ወሰኑን ማወቅ አለበትና። ሁለተኛው፥ ክልከላው ከተቈጠሩት ምክንያቶች በአንዱ ይቁም ይላል፤ እነዚህም የሌሎች ሰዎች መብትና መልካም ስም፥ የሀገር ደኅንነት፥ የሕዝብ ሰላም፥ ጤናና ግብረ ገብ ናቸው። ሦስተኛው ከሁሉ የጠበበ ነው፤ ክልከላው በእውነት የሚያስፈልግ፥ ቅጣቱም ከጥፋቱ ጋራ የሚመዛዘን ይሁን ይላል። ከፊተኛው ደጅ ላይ ብቻ የሚቆም ሕግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሀገራችን ከገዛ ታሪኳ ታውቃለች። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ንግግር ነጻነት ምንም አላለም፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው በ41ኛው አንቀጽ የንግግርና የማተሚያ ነጻነትን በሕግ መሠረት ፈቀደ፤ ሆኖም በዚያም መንግሥት በተከተለውም በደርግ ዘመን ጽሑፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር። በሕግ መሠረት የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም ሰፊ በር ነው፤ የወደደውን ሁሉ ያስገባል፥ የወደደውንም ሁሉ ያስወጣል።

አዝማሪዎቹ ከእነዚህ ደጆች ፊት ቢቀርቡ ነገራቸው ረዥም ክርክር አይፈልግም። ቃል ኪዳኑን የሚጠብቀው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2003 ዓ.ም. ባወጣው 34ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ፥ አንድ ንግግር ባለሥልጣንን የሚያዋርድ ሆኖ መታየቱ ብቻ ለቅጣት በቂ አይደለም ብሏል፤ የሀገር መሪዎችም ሳይቀሩ ለትችት የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም በ2007 ዓ.ም. የቡርኪና ፋሶ ጋዜጠኛ ሎሄ ኢሳ ኮናቴ በዐቃቤ ሕግ ላይ ስለ ጻፈው ጽሑፍ የተፈረደበትን የ12 ወር እስራት መርምሮ፥ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋራ አይመዛዘንም ብሎ ፈርዶለታል። አንድ ዓመት እስራት የበዛበት ሚዛን በሜዳ ላይ መታረድን እንዴት ሊሸከም ይችላል? እውነት ነው፥ በሰው አካል ጉድለት መዘባበት መልካም ነገር አይደለም፤ ካህን ቢገሥጸው፥ ጨዋ ሰው ቢንቀው ይገባል። ነገር ግን ለንቀት የሚበቃው ሁሉ ለወኅኒ አይበቃም።

የአባ ሰላማ ነገር ግን ይከብዳል፤ የዓለም ሕግም የሚጨነቀው በእንዲህ ያለው ላይ ነው። የቃል ኪዳኑ 20ኛ አንቀጽ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ እርሱ መንግሥታትን መከልከል ትችላላችሁ አይልም፥ ከልክሉ ይላል። ለጦርነት መቀስቀስን፥ እንዲሁም አድልዎን፥ ጠላትነትን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ የዘር፥ የብሔር ወይም የሃይማኖት ጥላቻን ሕግ እንዲከለክላቸው ያዝዛል። ይህ አንቀጽ ከባዶ ፍርሃት እንዳልተጻፈ በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ ታየ። ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ሲጠራ፥ የሚታደኑትን ሰዎች ስምና መጠጊያቸውን ሲናገር፥ ገዳዮቹ ራዲዮውን እየሰሙ ይሄዱ ነበር። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. ሁለት የራዲዮውን መሥራቾችና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ፈረደባቸው፤ በይግባኝ በ2000 ዓ.ም. ቅጣታቸው ቢቀነስም ጥፋተኛነታቸው ጨርሶ አልተሻረም። እዚያ ቃል እንደ ሰይፍ ሆኖ ነበር፤ ማንም ዳኛ ዘፈን ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ታዲያ ቃል መቼ ከዘፈን ወደ ሰይፍ ይሻገራል? በ2005 ዓ.ም. በሞሮኮ ዋና ከተማ በራባት የተሰበሰቡ ዐዋቂዎች ለዚህ ስድስት ነገሮችን እንዲመረምር ለዳኛ ነግረዋል። ዘመኑና ሁኔታው ምን ይመስል እንደ ነበረ፥ ተናጋሪው በሕዝብ ዘንድ ያለው ክብር፥ አሳቡ፥ የንግግሩ ቃልና መልክ፥ ምን ያህል ሰው እንደ ደረሰ፥ በመጨረሻም ጥፋት ሊያስከትል መቃረቡ ናቸው። ዐቃቤ ሰዓቱን በዚህ ብንመዝናቸው፥ ዘመኑ የጦርነት ነበረ፤ ክብራቸው ታላቅ ነበረ፤ ቃላቸው ከተማውን ሁሉ ደረሰ። በሌላ ወገን ደግሞ ውግዘት የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ነው፤ ግደሉ አላሉም፤ የተወገዙትም ራስ የነገሥታት ደም አለባቸው ተብለው የሚታሙ ሰው ነበሩ። ሐቀኛ ዳኛ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አንሥቶ ቢያመዛዝን ምን ይፈርድ እንደ ነበረ መናገር ቀላል አይደለም። የዚያ ሸንጎ ጉድለት ግን ከዚህ ይቀድማል። ሥርዓት ነበረው፤ ክስ ተሰምቷል፥ ተከሳሹም ተናግረዋል፤ ይሁንና በዳኞቹ ራስ ላይ የተቀመጡት የተወገዙት ንጉሥና የተወገዙት ራስ ነበሩ። የተበደለው ሰው ከሚፈርድበት ሸንጎ ታናሹ ቢቀድም ታላቁ ቢቀድም ልዩነት የለውም።

በኢትዮጵያ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ሳንሱርን ሻረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጽ ይህንኑ አጽንቶ፥ ንግግር በአሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት ብቻ እንዳይገደብ ደነገገ፤ ለወጣቶች ደኅንነትና ለሰው ክብርና መልካም ስም ሲባል ግን ወሰን ሊደረግ እንደሚችል፥ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርም በሕግ እንደሚከለከል ጻፈ። በ13ኛው አንቀጽም እነዚህ መብቶች ከዓለም አቀፉ መግለጫና ከቃል ኪዳኖቹ ጋራ በሚስማማ መንገድ እንዲተረጐሙ አዘዘ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1185 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ከልክሎ፥ የጥላቻ ንግግር ለተናገረ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጫ፥ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ቢደርስ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ወሰነ። የሰው ደም በቃል ምክንያት በፈሰሰባት ሀገር እንዲህ ያለ ሕግ አያስፈልግም የሚል ጥቂት ነው። የሚያከራክረው ጥላቻ የሚለው ቃል ስፋት ነው፤ በቀና ዳኛ እጅ የሚል ኮሊንን ዐይነት ራዲዮ ይይዛል፥ በተቈጣ ባለሥልጣን እጅ ግን የአዝማሪውን ማሲንቆ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የፍርድ ቤቱ ከባለሥልጣኑ መለየት ከዐዋጁ ቃል ያነሰ ነገር አይደለም።

ራስ ሚካኤል በዚያ ታኅሣሥ ሌሎችም ብዙ ሰዎችን አስገደሉ፤ ሬሳቸው እንዳይቀበር ስለ ተከለከለ በጎንደር መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። ብሩስ የገዛ አደን ውሾቹ ሁለት ጊዜ አምልጠው የሰው ራስና ክንድ ወደ ግቢው ይዘው ሲገቡ አይቶ ሊያብድ እንደ ደረሰ ጽፏል። ስድስት ወር ሳይሞላ፥ ከሰርባኩሳው ጦርነት በኋላ፥ ራስ ሚካኤል ራሳቸው በጎንደር ተማረኩ። እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐርፈው በቁስቋም ተቀበሩ። በሜዳው የወደቁት ሠላሳ አዝማሪዎች ስማቸው አልተጻፈም፤ ብሩስ ዘፈናቸውንም አልገለበጠውም። ከዘፈኑ የቀረው ሽማግሌ፥ አንካሳ፥ ጐባጣ የሚለው የስድቡ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ይህም የቀረው ራሱን ስላስቈጣቸው ነው።